በዘንባባ የታሰሩ አሥራ አንድ ድምፆች

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐይማኖት፣

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ደሳለኝ የሚኒባሱን ሞተር ሳያጠፋ በመስኮት አቀበለኝ። እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ የደብረ ሲናን ብርድ ቻለችው? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ሰው ሁሉ ጥር ነው ብሎ ጋቢ ሲደርብ እዚህ እኛ ያልበናል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው እድፍም ላብ ነውና ሌላ ነገር አይምሰልሽ።

መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር በዪኝ። በስልክ የሚያልቀውን ነገር በወረቀት አስረዘሙት እንዳትዪኝ፤ ጆሮዬ ከዚያ ከተኩሱ ቀን ወዲህ አይሰማም። ሐኪሙ «የማይሰማዎት የትኛው ነው?» ብሎ በወረቀት ቢጽፍልኝ «ምንም አይሰማኝም» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ስለ ጆሮዬ ብቻ አልነበረም የነገርኩት።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አዎ፣ ዋርካ ውሃ ራሱን የቻለ ቀበሌ ነበር። መሥሪያ ቤትሽ ስለ ቀድሞ ቀበሌዎች በሚያሳትመው መጽሐፍ አንድ ገጽ ደርሶታል ብለሻል፤ ለሞተ ቀበሌ አንድ ገጽ አያንሰውም። መዝገቡ ከነጽሕፈት ቤቱ ስለተቃጠለ የምትጠይቂው ከእኔ ሌላ እንደሌለም አውቃለሁ። በወረቀት ድምፅ መስጠት ከተጀመረ ጀምሮ የምርጫ ጣቢያው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

በወረቀት ከመሆኑ በፊት፣ በገበሬ ማኅበሩ ዘመን፣ ምርጫው በሰልፍ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ከዋርካው አጠገብ ይቆማሉ፤ ሕዝቡ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይሰለፋል፤ ሰልፉ የረዘመለት ይመረጣል። በመጀመሪያው ምርጫ፣ ኋላ ከእናትሽ ጋር የተወዳደረው የበላይ አባት አሸነፉ። ምን ሠርተው መሰለሽ? የዋርካው ጥላ በእሳቸው በኩል ወድቆ ነበር። በእኛ አገር ፀሐይ ጥላ ትቶ ሐሩር ላይ የሚሰለፍ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ተወዳዳሪ ሁሉ ማልዶ እየመጣ ጥላ ይይዝ ጀመር። ይህን ጻፊው፤ እውነት ነው።

በ1985 ወረቀትና ኮሮጆ መጣ። የ1993ቱን እንደነገሩ አስታውሳለሁ። ከዚያ የ2000ው ነው። የመጨረሻው የ2005 ምርጫ ነበር፤ እሱን እንዴት እንዳደረግነው ቢጠይቁኝም አላስታውስም። በ2007 ቀበሌያችን ከወንዝ ማዶ ካለው ቀበሌ ጋር ተቀላቀለና ስሙም ጠፋ።

የ2000 ውጤት፦ በላይ 201፣ እናትሽ የሺ 198። በላይ ሊቀመንበር ሆነ። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

ተፈራ

*

ደብረ ሲና፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተፈራ፣

ጤናዎን ከነጆሮዎ ይመልስልኝ። እናቴ ደህና ናት፤ ደህና ናት ማለቴ ትበላለች፣ ትተኛለች ማለቴ ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ወደ ቆላው የሚወርደውን መኪና ታያለች። ምን ታያለሽ ስላት «መኪና» ትለኛለች። እዚህ ካመጣኋት አራት ዓመት አልፎ ስለ ዋርካ ውሃ ከሦስት ቃል በላይ ተናግራ አታውቅም። እኔም መጠየቅ ትቼ ነበር።

የጥላውን ነገር አነበብኩላት። ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ጋሼ፣ ቁጥሩ አልሞላልኝም። ሌላ መሥሪያ ቤት ካለ አሮጌ ሪፖርት ላይ የዋርካ ውሃን የ2000 ምርጫ አንዲት መስመር አገኘሁ፤ «ድምፅ የሰጡ 412» ትላለች። የእርስዎ ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ 399 ናቸው። አሥራ ሦስት ሰው የት ገባ?

ይህን ለሥራዬ ብቻ ብዬ የምጠይቅ አይምሰልዎ። እናቴን ያገሩ ሰው ምን እያለ እንደሚጠራት ያውቃሉ። «የሺ፣ ሦስት ጎደል።» ሺ ሊሞላት ሦስት ጎደለ እያሉ ሠርግ ላይ ሳይቀር ተጫውተውባታል። ውሃ ስቀዳ እኔንም «የሦስት ጎደል ልጅ» ይሉኝ ነበር። ያኔ አለቅስ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ምንም አይለኝም። ግን የመጽሐፉ ገጽ በሚያዝያ መጨረሻ ይዘጋል፤ እርስዎ ፈርመው የሚልኩት እሱ ብቻ ነው የሚቀረው። እናቴ በእውነት ሦስት ጎድሏት ከሆነ ይጻፍ። ካልሆነም ገና በሕይወት ሳለች ትወቀው።

አክባሪዎ፣
ሐይማኖት

*

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሐይማኖት፣

ይቅርታ፣ ደሳለኝ ሦስት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን መለስኩት። አንድ ጊዜ አሞኛል አልኩት፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ አልደረሰም አልኩት።

አሥራ ሦስቱ የተበላሹ ናቸው። አንዱ ሰው ሁለቱም ተወዳዳሪ እንዳይቀየመው በሁለቱም ላይ አሻራውን አኑሯል። ሌላው ማረሻም እንስራም ትቶ ዶሮ ሥሎበታል፤ በሁዳዴ ዶሮ የናፈቀው ሰው ይሆናል። ማረሻ የበላይ ምልክት፣ እንስራ የእናትሽ ምልክት ነበር። ቀሪዎቹ አሥራ አንድ በደንቡ መሠረት ምልክት ስለተገኘባቸው ተሰረዙ። ደንብ ደንብ ነው።

እናትሽ ለምን እንደተወዳደረችም ልንገርሽ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፤ «ከማዶ ጋር አንቀላቀልም፣ ወንዙ ሲሞላ የማዶ ቀበሌ ለእኛ ቀበሌ አይደለም።» የቀበሌው ምክር ቤት ብዙ ሰው ነበረው፤ ሕዝቡ ግን ከሁለቱ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሊቀመንበር ይሁን ብሎ ቀድሞ ተማምሎ ነበር። በላይ የሰው ቃል የማይመልስ ደግ ነበረ፤ ቀላቅሉ ሲሉት ቀላቀለ። አሁን ክረምት ሲመጣ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ የሚያሻግሩ ሰዎች ስሙን አያነሱም፤ አያሙትምም።

በላይ እንዴት እንዳረፈ እናትሽ ታውቃለች። እኔ አልጽፈውም። ሚስቱ ውባለም ጀውሃ መንገድ ዳር ለሾፌሮች ምግብ ትሸጣለች። በሩ ላይ «ሊቀመንበር ምግብ ቤት» ብላ አጽፋለች። ቀበሌው ከፈረሰ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሊቀመንበሩ ግን አልተሻረም።

ተፈራ

*

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

ያሁኑ ደብዳቤሽ አንድ መስመር ነው። «ምልክቱ ምን ነበር?» ብለሻል። ተማሪዬ ሳለሽም እንዲህ ነበርሽ፤ ወዲያ ወዲህ ስል መጨረሻውን ትጠይቂኝ ነበር።

ዘንባባ ነበር።

የ2000 ምርጫ በሆሳዕና እሑድ ዋለ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ፣ የዘንባባ ቀለበቱን በጣቱ እንዳደረገ በቀጥታ ወደ ጣቢያው መጣ። እኔ በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ «ድምፅ ምስጢር ነው፤ ማንም እንዳያየው አጥፋችሁ ኮሮጆው ውስጥ ክተቱ» እላለሁ። የላይኛው ጎጥ ሴቶች በአንድነት መጡ። ከፊት ሸዋዬ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። ወረቀቷን ጠቀለለችና ቀለበቱን ከጣቷ አውልቃ ጥብቅ አድርጋ አሰረችበት።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አልኳት።

«ምስጢር ነው አላሉም እንዴ ጋሼ? ምስጢር ካልታሰረ ይወጣል» አለችኝ።

ከኋላዋ ያሉትም እንደሷ አሰሩ። ሳቅሁና አሳለፍኳቸው።

ኮሮጆው ሲከፈት ሳቄ ጠፋ። ሌላው ወረቀት ተቆጥሮ በላይ በሦስት መርቷል። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ የታሰረ ወረቀት ቀርቷል። ደንቡ መራጩን የሚያሳውቅ ምልክት ያለበት ወረቀት ዋጋ የለውም ይላል። ታዛቢዎቹ እኔን ያዩኛል። ከመካከላቸው አንዱ «ጋሼ፣ ዘንባባ ምን ምልክት ነው? ይፈቱትና ይቁጠሩት እንጂ» ብሎኝ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አልፈታሁትም። የሺ የአጎቴ ልጅ ናት። ፈትቼ እሷ ብታሸንፍ «ለዘመዱ ቆጠረላት» መባሌ ነው። የማላውቃት ሴት ብትሆን ኖሮ በደስታ እፈታላት ነበር። ዘመዴ ስለሆነች አሰርኩባት። ደንብ ደንብ ነው ያልኩሽ ሐሰት ነው፤ ይሉኝታ ነው።

የተበላሸው ይቃጠል ሲባል ደግሞ የሆሳዕና ዘንባባ ከጥራጊ ጋር አይቃጠልም ብዬ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። አሥራ አንዱም እንደታሰሩ በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ አሉ። ጽሕፈት ቤቱ ሲቃጠል እነሱ ተረፉ። ውስጣቸው ያለውን አላውቅም። ዳዊት በደገምኩ ቁጥር በእጄ ይነኩኛል፤ አሥራ ስምንት ዓመት ነክተውኛል፤ አንዱንም አልፈታሁም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ እያሳደርኩ አደረቅሁት እንጂ አላጠራሁትም።

እንድትቆጪኝ እጠብቃለሁ።

ተፈራ

*

ደብረ ሲና፣ መጋቢት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽ ተፈራ፣

ለመቆጣት ሞክሬ ነበር። አልመጣልኝም። ደብዳቤዎን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ የአራት ሌሎች ቀበሌዎችን ቁጥር ስደምር ዋልኩ። አንዱም አልተሳሳተብኝም።

ለእናቴ ከመንገሬ በፊት ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ስለዚህ እርስዎን በዝምታ የመውቀስ መብት የለኝም። በሦስተኛው ቀን ራት ላይ ነገርኳት። እጇ ወጡ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ታስረው አሉ?» አለችኝ።

«አሉ።»

«አሥራ አንዱም?»

«አሥራ አንዱም።»

መብላቷን ቀጠለች። ማዕዱ ከተነሣ በኋላ «ይላካቸው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አልተነጋገርንም። ለደሳለኝ ይስጡልኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አይንገሩት። የታሸገ ነገር ከተሰጠው እንደማይከፍት አውቃለሁ።

ሐይማኖት

*

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

ዛሬ ሆሳዕና ነው። የዛሬውን ዘንባባ ከካህኑ ተቀብዬ ገባሁና የዚያን ዘመኑን ከማኅደሩ አወጣሁ። ቀለሙ ደረቅ ሣር መስሏል። በነጠላ ጠቅልዬ በካርቶን አሽጌዋለሁ። ደሳለኝ «ምንድን ነው?» ብሎ በእጁ ቢጠይቀኝ «የሺ የረሳችው ዕቃ ነው» አልኩት።

ማኅደሩ ቀለለኝ እንጂ እኔን አልቀለለኝም። ይቀልልሃል ብሎኝ የነበረ ሰው አለ፤ የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ተሳስተዋል ግን አልላቸውም።

እናትሽ ብታሸንፍም ባታሸንፍም ለገጹ የምትዪኝን እፈርማለሁ።

ተፈራ

*

ደብረ ሲና፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተፈራ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። ካርቶኑ ከበዓሉ በፊት ደርሶናል። እናቴ «ጾሙ ይፈታና እንፈታዋለን» ስላለች ጠበቅን። የዘገየሁት ለዚህ ነው።

ትናንት ከምሳ በኋላ ነጠላውን ወለሉ ላይ ዘረጋችና አሥራ አንዱን ደረደረቻቸው። አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው። አንዱ ጋ ስትደርስ ለብቻው አስቀመጠችው።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

«በምን አወቅሽው?»

«ቋጠሮውን አታዪውም? በግራ የታሰረ ነው።»

እናቴ ግራኝ መሆኗን ያውቃሉ። ያን ቀን ከሸዋዬ ኋላ ተሰልፋ እሷም አስራ ነበር። ልትፈታው ስትል ዘንባባው ተሰበረ። ወረቀቱን ዘረጋሁት። ምልክቱ ያለው ማረሻው ላይ ነው። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ወደ ብርሃን አዞርኩት።

«እማዬ፣ ለበላይ ነው እኮ የሰጠሽው!»

«ታዲያ ለራሴ ልስጥ?» አለችኝ። «ራሷን መረጠች ሲሉኝስ? ምን ይሉኛል?»

«ማን አይቶሽ?»

«እኔስ አላየሁም?»

ሳቅሁ ጋሼ። እሷም ሳቀች፤ ከአራት ዓመት ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀሪዎቹን እኔ ፈታሁ። አንድ፣ እንስራ። ሁለት፣ እንስራ። ስምንተኛው፣ እንስራ። አሥሩም እንስራ ናቸው። 208 ለ 202። እናቴ አሸንፋ ነበር። ሦስት ጎደል አልነበረችም፤ ስድስት ተርፏት ነበር።

እልል ልል አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን አልሰማችኝም። ወረቀቶቹን እያየች ፊቷ እንደ ድሮው ተመለሰ፤ ከድሮውም ባሰ። ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ የከለከለችኝን ነገረችኝ። እርስዎ የሚያውቁትን ነው፤ ግን ከእሷ አፍ የወጣውን እንዳለ ልጻፍልዎ።

«መሣሪያ የያዙት ሰዎች የመጡ ቀን ሁላችንም ዋርካው ሥር ነበርን» አለች። «ቀበሌው ከፈረሰ ስንት ዓመቱ፤ እነሱ ምን ያውቃሉ። ‹ሊቀመንበሩ የትኛው ነው?› ብለው ጠየቁ። ማንም አልተናገረም። በላይ ከጎኔ ነበር። ቀበሌም የለም፣ ሊቀመንበርም የለም ማለት ይችል ነበር። ሰው ሁሉ ግን እሱን እሱን ያያል። ነጠላውን አስተካከለና ‹እኔ ነኝ› አለ። ይዘውት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።»

ከዚያ በእጇ አሥሩን ወረቀቶች ነካ ነካ አደረገች።

«ለካ እኔን ነበር የጠየቁት» አለች።

ከወለሉ ላይ ወረቀት ስለቅም ቆየሁ። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። ቆይቶ «ገጹ ላይ ምን ልጻፍ?» አልኳት።

«የበላይን ስም እንዳትነኪ። እኔ ነኝ ያለው እሱ ነው።»

«አንቺስ? ሦስት ጎደል እንደተባልሽ ልትቀሪ ነው?»

«ይበሉኝ» አለች። «በሕይወት ላለ ሰው ስም ምን ያደርገዋል። ውባለም በሯ ላይ ያጻፈችውን ልታስፍቂያት ነው?»

ስለዚህ እንዲህ ጻፍኩ፤ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ካልተስማሙበት ይመልሱልኝ፦ «2000 ዓ.ም.፤ በላይ 201፣ የሺ 198፣ የተበላሸ 2፣ የታሰረ 11።» «የታሰረ» የሚባል የድምፅ ዓይነት የለም ብሎ አለቃዬ ሊሰርዘው ነበር። በዋርካ ውሃ ነበር አልኩት። ተወው።

ወረቀቶቹን እናቴ በክር መልሳ አስራቸዋለች፤ ዘንባባው ተሰባብሯል። የራሷን ግን አላሰረችውም። መስኮቱ ላይ አስቀምጣዋለች።

አክባሪዎ፣
ሐይማኖት

*

ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሐይማኖት፣

ገጹን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እስክሪብቶው ቀለም ተፍቶ ስሜ ላይ ነጠብጣብ አለ፤ ያንን እንደ ምልክት ቆጥረው ዋጋ የለውም እንዳይሉሽ።

ትናንት ማዶ ሄጄ ለሰኔው ምርጫ ተመዘገብኩ። መዝጋቢዋ ልጅ «የት ቀበሌ?» ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ፤ አልሰማ ስላት ነው። ዋርካ ውሃ ብዬ ጻፍኩላት። እንዲህ የሚባል የለም ብላ ጻፈችልኝ። የማዶውን ስም ጻፍኩ። ካርዱን ሰጠችኝ። ተመልሼ ስመጣ ውባለም ጋ ምሳ በላሁ። ምንም አልነገርኳትም፤ እስከምሞት አልነግራትም። ሽሮዋ ጥሩ ነበር።

እናትሽ እንዳልነገረችሽ የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ እሷም ስለማታውቀው ነው። ሰዎቹ የመጡ ቀን እኔም ዋርካው ሥር ቆሜ ነበር፤ ከእሷና ከበላይ ጀርባ። ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር፤ ጥያቄውን በደንብ ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ ወደ በላይ ሲዞር እኔ ያልፈታኋቸውን አሥራ አንዱን እያሰብኩ የማየው እናትሽን ነበር። በላይ «እኔ ነኝ» ሲል ዝም አልኩ። ዝም ያለው ሁሉም ነው፤ የእኔ ዝምታ ግን የብቻዬ ነበር። «ሊቀመንበሩ የትኛው ነው?» ሲሉ፣ እዚያ ከቆመው ሕዝብ መልሱን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን ለእናትሽ ብታነቢላትም ባታነቢላትም ለአንቺ ትቼዋለሁ።

ተፈራ፣
የቀድሞው ዋርካ ውሃ ቀበሌ ምርጫ ጣቢያ ጸሐፊ